የተገለበጠ ማሲ ወይስ ቀለም የተቀባ ማሲ?

የተገለበጠ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተርና አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ትራክተር አቁማችሁ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ የተገለበጠውን እወስዳለሁ። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ወንድሜም መጀመሪያ ስቆ ነበር፣ በኋላ ግን የገንዘቡን ግማሽ ያዋጣው እሱ ነው።

የተገለበጠ ትራክተር ጉዳቱን መደበቅ አይችልም። ኮፈኑ ተጨፍልቋል፣ መሪው ተጣሟል፣ ራዲያተሩ ተበስቷል፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው። ገዢው ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ቀለም የተቀባው ግን በቀይ ቀለም፣ በአዲስ ስቲከርና በታጠበ ሞተር አጊጦ ይጠብቃችኋል። ከውስጥ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ፣ ብሮንዙ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ማቀፊያ) ተልጦ፣ ካምቢዮው ውስጥ ጥርስ የጎደለው ማርሽ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ወፍራም ዘይት ሞልቶበት ጭሱን ለአንድ ጠዋት ያጠፋላችኋል። እናንተ ከፍላችሁ ቤት ስትደርሱ ጭሱም አብሯችሁ ይደርሳል።

እኛ አሰላ አካባቢ ነን። ስንዴና ገብስ እናመርታለን፣ በየመሀሉ ባቄላ እናፈራርቃለን። ከዚህ በፊት በኪራይ ትራክተር ነበር የምናርሰው። መከራየት በራሱ ችግር የለውም፣ ችግሩ ወረፋው ነው። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለማረስ ሲመች ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ነው የሚመቸው። ባለ ትራክተሩ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ቀጥሎ የዘመዱን፣ ቀጥሎ ሰፊ ማሳ ያለውን፣ ከዚያ በኋላ ነው ስልካችሁን የሚያነሳው። እስኪደርስላችሁ መሬቱ ጭቃ ይሆናል፣ ወይ አረሙ ይቀድማችኋል። መዝራት ሲዘገይ መኸር ላይ ምን እንደሚያጎድል ለአርሲ ሰው መንገር አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ አርሲና ትራክተር የቆየ ታሪክ አላቸው፣ ሁሉም ግን ደስ የሚል አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ ጭላሎ ላይ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሲጀመር ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ መጣ፣ ስንዴ ገንዘብ ማውጣት ጀመረ። ገንዘብ ማውጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ያዙ። ጭሰኛው ተነቀለ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ትራክተር ሲያልፍ ፊታቸው ይለወጥ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ትራክተር ልገዛ ነው ስል አባቴ ትንሽ ዝም ብለው "እንግዲህ የራሳችን ከሆነ..." አሉና ተዉኝ። ምርቃት አድርጌ ወሰድኩት።

ለምን ማሲ 385 ገዛን? እኛ አካባቢ ቤላሩስ የሚባለው ትራክተር ሞልቷል፣ በደርግ ጊዜ ናዝሬት ይገጣጠሙ ከነበሩት ውስጥ ዛሬም ተጎታች የሚጎትቱ አሉ። አዳዲሶቹም የተለያየ ዓይነት ናቸው። ግን የተጎዳ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መለዋወጫውን ነው። የ385 ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፣ 4.1 ሊትር ገደማ፣ ጉልበቱ ወደ 85 ፈረስ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ቁልፍና መዶሻ ያለው ሰው ይፈታዋል። እንግሊዝ ኮቨንትሪ የነበረው ፋብሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ቢዘጋም ፓኪስታን ላሆር ላይ ያው ትራክተር መመረቱን ቀጥሏል። ስለዚህ ዕቃው ከገበያ አይጠፋም። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ሰፈሩ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የ385 ብሮንዝ አለ ወይ ብትሉ ሻጩ "የትኛውን ላምጣልህ?" ነው የሚላችሁ።

ደላላው የደወለልን ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ምርት ከገባ በኋላ። ጊዜው ራሱ ጥሩ ነበር። በታኅሣሥ ማንም የሚያርስ የለም፣ የተሰበረ ትራክተር ጓሮው ውስጥ የተኛበት ሰው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ያው ዕቃ ግንቦት ላይ ቢሆን ዋጋው ሌላ ነው።

ትራክተሩ የወደቀው ሳጉሬ አካባቢ ተዳፋት ላይ ነው። አወዳደቁን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ኦፐሬተሩ ተዳፋቱን አግድም እያረሰ ነበር። ስታርሱ አንዱ ጎማ ባረሳችሁት ቦይ ውስጥ ይሄዳል፣ ሌላው ባልታረሰው ላይ። ቦይ ውስጥ ያለው ጎማ በቁልቁለቱ በኩል ከሆነ ትራክተሩ በመሬቱ ዘንበል ላይ ሌላ ዘንበል ይጨምራል። ማሳው ዳር ሲደርስ ማረሻውን ከፍ አድርጎ ዞረ፣ ክብደቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ቦረቦሩ ዳር ያለው አፈር ከዳው። ልጁ ዘሎ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ዘሎ መትረፍ ዕድል ነው፣ ብዙውን ጊዜ የዘለለውን ነው ትራክተሩ የሚጫነው። ከመቀመጫው ኋላ መቆም የነበረበት የመከላከያ ብረት የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል ተብሎ ቀድሞ ተፈቶ ነበር። ስዊድን እኮ አዲስ ትራክተር ያለዚህ ብረት እንዳይሸጥ በሕግ የከለከለችው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፣ ካዱ አሰላ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። ማዳበሪያውን ይዘው ሲመጡ ይህንንም ልማድ ቢያስለምዱን ምን ነበረበት?

ለማየት ስንሄድ አንድ አዛውንት መካኒክ ይዘን ሄድን። በደርግ ጊዜ ባሌ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ደላላው ብልጥ ነው፣ ባትሪ ተሸክሞ መጥቶ ጠበቀን።

"አስነስተን እንስማው፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም" አለ።

"ማንም ሰው ቁልፉን እንዳይነካ!" አሉ ጋሼ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራክተር በጎኑ ወይም በጀርባው ሲተኛ የሞተሩ ዘይት ከሥር ካለው ቋት ይነሣና በፋሻዎቹ በኩል አልፎ ፒስተኑ ላይ ይጠራቀማል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም። በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ልታስነሱት ስትሞክሩ ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፣ ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ክንድ) ይጣመማል። ደህና የነበረው ሞተር በአንድ ቁልፍ ማዞር ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ናፍጣ የሚረጩት አራቱም ኖዝሎች ይፈታሉ፣ ከዚያ ሞተሩ ከፊት በኩል በእጅ ይዞራል። እንደዚያ አደረግን። ከሦስተኛው ሲሊንደር ጥቁር ዘይት ፊጭ ብሎ የደላላውን ነጭ ሸሚዝ አበላሸው። ከዚያ በኋላ አስነሡት ያለ የለም።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፍለጋ ነው። ትራክተር እንደ መኪና ሻንሲ የለውም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ካምቢዮውና የኋላው ዲፈረንሻል በብሎን ተያይዘው እነሱ ራሳቸው ናቸው አካሉ። ኮፈን ቢጨፈለቅ ላሜራ ነው። የፍሪሲዮኑ ቤት ከተሰነጠቀ ግን የትራክተሩ ወገብ ተሰብሯል ማለት ነው። ጋሼ መጋጠሚያዎቹን በናፍጣ አጠቡ፣ ከዚያ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ በደንብ አሹት፣ ጠርገው አደረቁትና ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ይታያል። ወጪው አንድ ጠመኔና ግማሽ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ነው። የፍሪሲዮኑ ቤት ንጹሕ ነበር። የኋላዎቹ የአክስል ቤቶችም ንጹሕ። መስመሩ የወጣው ከፊት ነው፣ የፊት አክስል የሚንጠለጠልበት ብረት አንዱ ጆሮ ላይ። ሚስማሩም ተቆርጧል። የፍሪሲዮኑ ቤት ላይ ቢሆን ኖሮ ቡና ጠጥተን እንመለስ ነበር።

የኋላ አክስል መጣመሙን ለማየት ደግሞ ትራክተሩን በክሪክ አንስተን መሬት ላይ እንጨት ተከልን፣ ጫፉ የጎማውን ቸርኬ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው። ከዚያ ጎማውን ማዞር ነው። ከእንጨቱ ጋር ያለው ክፍተት እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ወይ ቸርኬው ወይ አክስሉ ተጣሟል። የእኛው ግራው ትንሽ ይወዛወዛል። ቸርኬውን ከቀኙ ጋር ቀያይረን ስናይ ውዝዋዜው አብሮት ሄደ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የቸርኬው ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን፣ ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ብሎ። ግን ቸርኬና አክስል ዋጋቸው የትና የት ነው።

ወረቀቱ ከብረቱ በላይ ያስፈራኛል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና «የሻንሲ» የሚባለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። እዳና እገዳ መጣራት አለበት፣ ብዙ ትራክተር የተገዛው በብድር ነውና። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ብድሩን የጨረሱበትን ደብዳቤ አውጥተው አሳዩን። ዋጋውን ግን በቀላሉ አልለቀቁም። "ይኼ እኮ ጎማው ብቻ ስንት ያወጣል!" እያሉ። እውነታቸውን ነው፣ የኋላ ጎማዎቹ ገና ናቸው፣ የትራክተር የኋላ ጎማ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በመጨረሻ በሰፈሩ ጤነኛ 385 ከሚጠየቅበት ወደ ሲሶው ተስማማን።

ማጓጓዙ ራሱን የቻለ ድራማ ነበር። የፊት አክስሉ ተሰብሮ መጎተት አይቻልም። ክሬን ጠየቅን፣ የጠሩት ዋጋ ትራክተሩን ከነማረሻው የሚገዛ መሰለን። የመንደሩ ሰዎች ናቸው መላውን የነገሩን። ከሻጩ ቤት ጀርባ መንገዱ ዳር ከፍ ያለ የአፈር ጥግ አለ፣ ኤፍኤስአሩን (የጭነት መኪናውን) በጀርባው አስጠግተን ወለሉ ከአፈሩ ጋር እኩል ሆነ፣ ትራክተሩን ከፊት በግንድ አስደግፈን በሌላ ትራክተር ከኋላ እየገፋን አስገባነው። ግማሹ መንደር "ያዝ! ልቀቅ!" እያለ። ሁሉም መሪ ነው፣ ገፊው ትንሽ ነው።

ጋራዥ ከገባ በኋላ ሁሉም ሰው የጠየቀኝ ኮፈኑን ነበር። "ኮፈኑን ምን አረግኸው?" ኮፈኑን ባትላሜራ ሠሪ በአንድ ከሰዓት ቀጥቅጦ አቃናው፣ ከወጪው ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። ዋናው ሥራ ሞተሩ ከሥር ሲከፈት ነው የጀመረው። ትራክተሩ ወድቆ ጎኑ ላይ እያለ ሞተሩ ወዲያው አልጠፋም፣ ጥቂት ዞሯል። ያን ጊዜ የዘይት ፓምፑ የሚስበው አየር ነው። ቋቱን አውርደን የቢየላ ብሮንዞቹን ስናይ ሦስተኛው ተጭሯል፣ ሁለተኛው ላይም መንካት ጀምሯል። የባንኮ (የዋናው ዘንግ) ብሮንዞቹ ደህና ነበሩ።

ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) አውጥተን ቶርኖ ቤት (ብረት መቁረጫ) ወሰድነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው አለ፦ የተጫረውን ብሮንዝ ብቻ መቀየር፣ ኮሎውን በሸራ ወረቀት አሸት አሸት ማድረግ፣ መግጠም። ለአንድ ክረምት ያርሳል። የሚሸጥ ሰው ከሆነ ይበቃዋል፣ የሚያርስበት ሰው ግን በሐምሌ መሀል ማሳ ላይ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። እኛ ኮሎው ላይ ያሉትን አራቱንም የቢየላ መቀመጫዎች በ0.25 ሚሊሜትር አስቀነስናቸው፣ በዚያው ልክ ብሮንዝ ገዛን። ቶርኖ ሠሪው ከመቁረጡ በፊት ብሮንዙን በእጄ ይዤ መምጣት እንዳለብኝ ጋሼ አስጠንቅቀውኛል። አስቆርጦ ብሮንዝ ፍለጋ መዞር ሱሪ ሳይለኩ ማሳጠር ነው።

ለብሮንዙና ለፋሻው አዲስ አበባ ሄድኩ። ሶማሌ ተራ የፓኪስታን፣ የሕንድ፣ የቱርክ አለ፣ "ኦርጅናል" የሚል ካርቶን ውስጥ የገባ ሌላ ነገርም አለ። ካርቶን አትመኑ። ፋሻውን አውጥታችሁ ባዶ ሲሊንደር ውስጥ አስገቡትና ጫፍና ጫፉ መሀል የሚቀረውን ክፍተት ለኩ። አልገጥም ያለ፣ ወይ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ያለው ከሆነ መልሱ። ስለዚህ ስትገዙ ካልሆነ እመልሳለሁ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ደረሰኝ ላይም አስጽፉ። ያገኘሁት ሻጭ ደህና ሰው ነበር፣ አንዱን ሳይከራከር ቀየረልኝ። ሌላ ሱቅ ግን የታየው ነገር ሁሉ "ጀርመን ነው" ይባላል።

ከሁሉ ያከራከረን የተሰነጠቀው የፊት ብረት ነው። ጋራዡ ውስጥ ያለ ወጣት በያጅ "ስጡኝ፣ በአንድ ሰዓት እጨርሰዋለሁ" አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ በር ሲሠራ አይቻለሁ። ግን ይህ የበር ብረት አይደለም፣ ጊዛ ነው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። በተራ ኤሌክትሮድ ከበየዳችሁት ብየዳው ያምራል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። በትክክል ይሠራ ከተባለ ሙሉ ብረቱ መሞቅ አለበት፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፣ በአጭር በአጭሩ እየተበየደ በመዶሻ ቀስ ብሎ መመታት አለበት፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ጋሼ ይህን በመንግሥት እርሻ ጊዜ ብዙ አድርገውታል። እኔም እበይደዋለሁ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከቻሉ ለምን አይበየድም?"

"እችላለሁ። ግን የፊት ጎማውን የተሸከመ ዕቃ ነው። ቁልቁለት ላይ ቢለቅ መሪ የለህም። የመሸከም ሥራ የሌለውን አምጣልኝ፣ እበይድልሃለሁ።"

ስለዚህ ፍለጋ ወጣን። አዳማ ላይ ተበትኖ በክፍል በክፍሉ የሚሸጥ 385 ተገኘ፣ የፊቱን ብረት ከነሚስማሩና ከነቡሹ ገዛን። የመከላከያ ብረቱም ከዚያው ተገኘ፣ ሻጩ ማን ይገዛዋል ብሎ ጥግ ጥሎት ነበር። ከነኦርጅናል ብሎኖቹ ወሰድነው። ጠንካራ ብሎን እንጂ ከሱቅ የተገኘ ተራ ብሎን አይሆንም፣ ትራክተሩ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው ብሎኑ ነው።

ከዚያ ዘይት። ስለ ዘይት ማንም አይነግራችሁም። የማሲ ካምቢዮ፣ የኋላ ዲፈረንሻልና ሃይድሮሊክ አንድ ቋት ውስጥ ያለ ዘይት ነው የሚጠጡት፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑም እዚያው ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚሠራው። ትራክተሩ ጎኑ ላይ ሲያድር ዘይቱ ፈሷል፣ በመተንፈሻው በኩል ውኃና አፈር ገብቷል። ያወረድነው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስል ነበር። አውርደን፣ በርካሽ ዘይት አጥበን፣ ፓምፑ የሚስብበትን ማጣሪያ አጽድተን እንደገና ሞላነው። ከ40 ሊትር በላይ ነው፣ ለማጠቢያውም ሌላ። ማጠቡን መዝለል ያጓጓል፣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ዋጋ ሲነገራችሁ ግን ጉጉቱ ይበርዳል። ማሲን ማሲ ያደረገው ይኼው ሃይድሮሊክ እኮ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን የሚባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ማረሻውን በሦስት ነጥብ ትራክተሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጭነቱ ሲከብድ ሃይድሮሊኩ ራሱ እንዲያነሣው ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። ዛሬም እኛ ማሳ ላይ መሬቱ ሲጠነክር ማረሻው ከፍ፣ ሲላላ ዝቅ የሚለው በዚያው ሐሳብ ነው።

ሌላው ቶሎ አለቀ። ራዲያተሩ በስታኞ ተበየደ። የመሪው ሲሊንደር ዘንግ ተጣሞ ስለነበር ቶርኖ ቤት አዲስ ተቆረጠለት። ኖዝሎቹ አዳማ ተሞክረው ሁለቱ ጫፋቸው ተቀየረ። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ተበየደ። ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.30 ሚሊሜትር ተደረጉ። ቀለም አልቀባነውም።

የተነሣበት ቀን ናፍጣው አየር ይዞ አስቸገረን። ቧንቧዎቹን ላላ እያደረግን፣ በእጅ ፓምፑ እየገፋን፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ጠበቅን። ከዚያ በፊት ግን ጋሼ የማቆሚያውን ሽቦ ስበው ሞተሩን ናፍጣ ሳይሰጡ በሞተሪኖ ብቻ አዞሩት፣ የዘይት ግፊቱ መርፌ እስኪነሣ። ዘይት ብሮንዙ ጋ ሳይደርስ እሳት አይሰጠውም። መርፌው ተነሣ፣ ሽቦው ተለቀቀ፣ ሞተሩ አንዴ ሳል አለና ያዘ። ወንድሜ እልል አለ፣ ወንድ ልጅ እልል ሲል እዚያ ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ገንዘቡ ለምትጠይቁኝ፦ ግዢው፣ መጓጓዣው፣ ቶርኖው፣ ዕቃው፣ ዘይቱ፣ የጋሼ ድካም ሲደመር ከጤነኛው ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሆነ። ሲሶ አተረፍን ማለት ነው፣ ጊዜያችንን ካልቆጠርን። እኔ የምለው ግን ከሲሶው በላይ ያተረፍነው ማወቁን ነው። የዚህን ሞተር ብሮንዝ በዓይኔ አይቻለሁ። በሙሉ ዋጋ የተገዛውን የጎረቤቴን ቀይ ትራክተር ውስጡን ግን ማንም አላየውም። ለሁሉም ሰው ይሆናል አልልም። የምታምኑት መካኒክ ከሌላችሁ ተዉት። መጋቢት ላይ ገዝታችሁ ለሰኔ አደርሳለሁ የምትሉም ተዉት፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው። ሞተር ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ በነፃም አትውሰዱት።

ሚያዝያ ላይ ማረስ ጀመርን። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ነው የምናስርበት። ለኦፐሬተሩ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያልኩት። ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያው) ላይ ሰው አይቀመጥም፣ የባለማሳው ልጅም ቢሆን። የሚጎተት ነገር ከታችኛው መጎተቻ ብቻ ይታሰራል፣ ሰንሰለት ከፍ ተደርጎ ከታሰረ ትራክተሩ ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ያን ጊዜ ለመዝለልም ጊዜ የለም። ተዳፋቱን አያርስም አላልኩም፣ ተዳፋት ሳይታረስ አርሲ የለም። ማረሻውን ከፍ አድርጎ ዳር ላይ አይዞርም እንጂ።

የራሳችንን ጨርሰን የዘመድ፣ ከዚያ የጎረቤት አረስን። እኔም ባለ ትራክተር ሆኜ ሰው ወረፋ አስያዝኩ፣ ስልክም አላነሣሁም። ታዘቡኝ።

አሁን የቀረው ፒቲኦው ነው፣ ከኋላ መውቂያና የመሳሰለውን የሚያዞረው ዘንግ። ሲያርስ ምንም የለውም፣ ሞተሩም አይሞቅም። መውቂያ አስረን ስንሞክር ግን ጭነት ሲበዛበት ፒቲኦው ይንሸራተታል፣ በደቂቃ 540ውን ዙር አይዝም። ይህ ትራክተር ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ነው፣ የመንጃው ዲስክ ጥሩ ነው፣ የፒቲኦው ሳያልቅ አይቀርም። ጋሼ መጀመሪያ ክፍተቱን በማስተካከያ ብሎኖቹ እንሞክረው ብለዋል፣ ካልሆነ ትራክተሩን ከወገቡ ከፍሎ ዲስኩን መቀየር ነው። ኅዳር ሳይገባ መጨረስ አለብን። ለ385 የፒቲኦ ዲስክ የፓኪስታኑን የገጠመ ሰው ካለ ስንት ጊዜ እንደቆየለት ንገሩኝ፣ አዳማ የት እንደሚሸጥ የምታውቁም ጻፉልኝ።